«ሲስተም የለም» ሲባል ምኑ ነው የሌለው?

(የመክፈቻ ሙዚቃ። ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል።)

ሳምንታዊው የሥራና የሙያ ዝግጅታችን ሰዓቱን ጠብቆ መጥቷል። ቤት ያላችሁ ቡናው እስኪፈላ ጆሯችሁን አውሱን። ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሾፌሩን «እስቲ ድምፁን ከፍ አድርግልን» በሉት። የዛሬው ጉዳያችን የቢሮ ኮምፒውተርና እሱ እንቢ ባለ ቁጥር የሚጠራው የአይቲ ባለሙያ ነው።

(ድምፅ፦ የሰው ጉርምርምታ፣ የወረቀት መገለጥ፣ የማኅተም ምት።)

ቦታው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ባለመስተዋት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጊዜው ጥቅምት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሰባት ሰው ተሰልፏል። ከፊት የቆሙት አዛውንት ወረቀታቸውን በመስኮቱ አቀበሉ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ልጅ ስክሪኑን አየች፤ ማውሱን ወዲያ ወዲህ አለች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣

«አባባ፣ ሲስተም የለም» አለች።

«መቼ ይመጣል ልጄ?»

«አይታወቅም አባባ። አረፍ ብለው ይጠብቁ።»

(አጭር ዝምታ።)

አድማጮቻችን፣ ይህን ቃል ያልሰማ ከመካከላችሁ አለ? «ሲስተም የለም» እንደ «መብራት የለም» እና «ውሃ የለም» የዕለት ቋንቋችን ሆኗል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። መብራት ሲጠፋ የጠፋውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሻማ ፍለጋ እንነሳለን። «ሲስተም የለም» ሲባልስ? ምኑ ነው የሌለው? የት ነው የሄደው? ማንስ ነው የሚያመጣው?

አራተኛ ፎቅ ላይ የሆነው ይህ ነው። አርባ ደቂቃ ካለፈ በኋላ የአይቲ ባለሙያው ከላይ ካለው ፎቅ መጣ። ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ሥር ገባና አንድ ሰማያዊ ገመድ ይዞ አወጣ። የኔትወርክ ገመድ ጫፍን ጠጋ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። በውስጡ እንደ ጥልፍ ክር የቀጠኑ ስምንት ባለቀለም ሽቦዎች ተደርድረዋል። ከላዩ ደግሞ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለችው። ገመዱ ሲሰካ «ቀጭ» የምትለውና ቆልፋ የምትይዘው እሷ ናት። የዚያ ገመድ ምላስ ተሰብራለች። ልጅቷ እግሯን ስትዘረጋ ገመዱ በግማሽ ወጥቶ ነበር። ባለሙያው መልሶ ገፋው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ «ሲስተሙ» መጣ።

ሰባት ሰው፣ አርባ ደቂቃ፣ አንዲት የፕላስቲክ ምላስ።

ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም። ጠረጴዛው ሥር ማየት እንደምትችል የነገራት ሰው አልነበረም። ዝግጅታችን ዛሬ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ ብልሽትን በስሙ መጥራት መቻል የጥገናው ግማሽ ነው። ደግመን እንበለው፤ ብልሽትን በስሙ መጥራት መቻል የጥገናው ግማሽ ነው።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ።)

እስቲ በምሳሌ እንየው። አያት የሚኖር፣ ቦሌ የሚሠራ ሰው አለ እንበል። በቀላል ባቡሩ ተሳፍሮ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ አድርጎ መገናኛ ይወርዳል፤ ከዚያ በታክሲ ቦሌ። አንድ ቀን ሥራ ሳይገባ ቀረ። አለቃው ሲደውልለት «መንገድ የለም» ብሎ ስልኩን ቢዘጋ ይረዳዋል? አይረዳውም። ባቡሩ ቆሞ ነው? መገናኛ ላይ ታክሲ ጠፍቶ ነው? ወይስ የቤቱ በር አልከፈት ብሎት ጭራሹን ከግቢ አልወጣም?

ቢሮ ውስጥ የምትጫኑት ቁልፍም እንዲሁ መንገድ አለው። መጀመሪያ መብራት ያስፈልጋል፦ ሶኬቱ፣ ዲቫይደሩ፣ ዩፒኤሱ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ራሱ አለ። ከዚያ ገመዱ ወይም ዋይፋዩ። ከዚያ ፎቁ ጥግ ላይ የተቀመጠው ራውተር። ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው የኢንተርኔት መስመር ይከተላል። በመጨረሻ ሩቅ ያለው ሰርቨር ይመጣል።

ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው ሰማይ ላይ ያለ ነገር ይመስለዋል። ቤት ያለው፣ በር ያለው፣ ጥበቃ የቆመበት ነገር ነው። ለምሳሌ እዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ጎሮ ባለው አይሲቲ ፓርክ ውስጥ፣ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ድርጅቶች ያቋቋሟቸው የመረጃ ማዕከላት አሉ። ሥራቸው የሌሎችን ሰርቨር ሌት ተቀን መብራት ሳይቋረጥበት፣ ሳይሞቅ ማቆየት ነው። ጉርድ ሾላ ያለ ቢሮ የሚከፍተው ፕሮግራም ጎሮ ካለ መደርደሪያ ላይ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

እንግዲህ «ሲስተም የለም» ከማለት በፊት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። አንደኛ፣ አጠገቤ ያለው ሰው ይሠራለታል? ለእሱ ከሠራ ችግሩ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ገመዴን ልይ። ሁለተኛ፣ ሌላ ድረ ገጽ ይከፈታል? ሌላው ሁሉ ተከፍቶ ያ አንድ ፕሮግራም ብቻ እንቢ ካለ፣ የእኛ መስመር ደህና ነው፤ ችግሩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሳይሆን አይቀርም። አጠገቤ ያለው ይሠራለታል? ሌላ ድረ ገጽ ይከፈታል? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ደቂቃ አይፈጁም።

ሪስታርትን በተመለከተ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የአይቲ ሰዎች «አጥፍተው ያብሩት» ሲሉ ከሥራ መሸሻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። ኮምፒውተር ሲውል ሲያድር የተከፈቱ ፕሮግራሞች ጊዜያዊ መያዣውን ያጨናንቁታል፤ የተጣበቀም ሥራ ይኖራል። ሲነሳ ያ ሁሉ ይጸዳል። ብዙ ሰው ግን ስክሪኑን ብቻ አጥፍቶ ያበራና «አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ያው ነው» ይላል። ስክሪን ማጥፋት ቴሌቪዥን እንደ ማጥፋት ነው፤ እኛ በልማድ «ሲፒዩ» የምንለው ሳጥን ሥራውን አላቆመም።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፣ አጭር።)

አሁን ደግሞ በእኛ ቢሮዎች ወደሚያጋጥም ብልሽት እንግባ።

ጸሐፊዋ ጠዋት ደብዳቤ በአማርኛ ስትጽፍ ቆየች። ሻይ ጠጥታ ተመለሰችና ኢሜይሏን ልትከፍት የይለፍ ቃሏን አስገባች። «ስህተት ነው» አላት። ደገመች፤ ስህተት። ሦስተኛ ሞከረች፤ ተቆለፈባት። «ሰው ገብቶብኛል!» ብላ ደነገጠች። ምን ሆኖ ይመስላችኋል?

ኪቦርዱ በአማርኛ እንደተቀመጠ ነው። የይለፍ ቃል ሲጻፍ የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ጣቷ የሚያወጣው ሌላ ፊደል መሆኑን ማየት አልቻለችም። በሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ሠራተኛ ሁሉ ይህ ሊደርስበት ይችላል። የካፕስ ሎክ ነገርም ከዚህ አይለይም፤ ትንሿ መብራት በርታ ከሆነ ትንሹ ፊደል ትልቅ ሆኖ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው። የይለፍ ቃሉን ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ፊደል በሚታይ ቦታ ጻፉና እዩት። ፊደሉን ካያችሁ በኋላ አጥፉት፤ የይለፍ ቃሉን ራሱን ግን በሚታይ ቦታ እንዳትጽፉት።

ሌላው የእኛ ነገር ቀን ነው። አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ጠዋት ጠዋት ሰዓቱ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ተመልሶ ይገኛል። በሳጥኑ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች፣ ሦስት ቮልት የምትሰጥ ባትሪ አለች። መብራት በሌለበት ጊዜ ቀኑን የምታስታውስ እሷ ናት። ስትሞት ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። «ቀኑ ቢሳሳትስ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። አስተማማኝ ድረ ገጾች መታወቂያ አላቸው። መታወቂያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ይላል። ኮምፒውተራችሁ ቀኑ የተሳሳተ ከሆነ ደህናውን መታወቂያ «ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይመልሰዋል። ኢሜይሉም ባንኩም አልከፈት ይላል።

ያ ብቻም አይደለም። አንድ ቅን ሠራተኛ ቀኑን ላስተካክል ብሎ የእኛን ዘመን፣ 2018ን ሊያስገባ ይችላል። ለእሱ ትክክል ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያነበው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነውና ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ይህ ሠራተኛ ምን አጠፋ? ምንም። አገሩ ሁለት የዘመን አቆጣጠር እንዳለው፣ ማሽኑ ግን አንዱን ብቻ እንደሚያውቅ የነገረው አልነበረም።

(ድምፅ፦ የኪቦርድ መንኳኳት።)

ከሁሉም የባሰው የፊደል ነገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ረጋ እንበል።

ሰነዱ መገናኛ ባለ ቢሮ በአማርኛ ተጽፎ ቦሌ ላለ ቢሮ ተላከ። ተቀባዩ ሲከፍተው ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና የምልክት ጉድ ሆኖ አገኘው። «ቫይረስ በላው» ተባለ። አልተበላም። ሰነዱ ደህና ነው፤ የሌለው ማንበቢያው ነው።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ እንዲህ ነው። የቀድሞዎቹ የኮምፒውተር ፊደሎች 256 ቦታ ብቻ ነበራቸው። እሱም ለእንግሊዝኛው ከነምልክቱ የተሰናዳ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ከሀ እስከ ፐ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ዲቃላውንና ቁጥሩን ጨምሮ ከ200 በላይ ቅርጽ አለው። በ1980ዎቹ በፈረንጆች፣ እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ሲነሱ የገጠማቸው ይህ ጥበት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞችም በየራሳቸው ብልሃት አለፉት። የላቲኑን ቦታ ወስደው በላዩ የእኛን ፊደል አስቀመጡበት። የአዲስ አበባ ቢሮዎች አማርኛ መጻፍ የቻሉት በእነዚህ ሰዎች ድካም ነው፤ ውለታቸው ትልቅ ነው።

ችግሩ አንዱ ሀን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው ሌላ ፊደል ማስቀመጡ ነው። ስለዚህ ሰነዱ የተጻፈበት ፊደል የሌለበት ኮምፒውተር፣ ከሥር ያለውን ላቲን አውጥቶ ያሳያል። በ1999 በፈረንጆች ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትሙ ሲወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። የግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ሀ በዓለም ላይ ባለ ዩኒኮድ በሚያውቅ ኮምፒውተር ሁሉ አንድ ቁጥር አላት፤ 4608። ሁ ቀጥላ 4609 ናት። ለ ላይ ስትደርሱ 4616። ማንም ከቦታቸው አያነሳቸውም። በ2007 በፈረንጆች ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ ደግሞ በአገራችን ብቻ በሚገኘው በደጋው ኒያላ ስም የተጠራ የግዕዝ ፊደል ይዞ መጣ። በዊንዶውስ አማርኛ ለማንበብ የተለየ ነገር መጫን የማያስፈልግበት ጊዜ የደረሰው ያኔ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ለምን አሁንም ይቸግረናል? የድሮ ሰነዶች በድሮው ፊደል እንደተቀመጡ ስለሆኑ ነው። የአሥራ አምስት፣ የሃያ ዓመት ቃለ ጉባኤና የሠራተኛ ፋይል በየሃርድ ዲስኩ ተኝቷል። የድሮውን ፊደል የጫነው ባለሙያ ሥራ በለቀቀ ማግስት ማንበብ የሚችል ይጠፋል። የቢሮ ኃላፊዎች ይህን ብትሰሙ ደስ ይለናል። የድሮውን ፊደል ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ። ሰነዶቹ በየትኛው ፊደል እንደተጻፉ የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ ሳለ፣ አሁን ቀይሯቸው። አዲስ ሰነድ ስትጽፉ ደግሞ ዩኒኮድ መሆኑን ባለሙያችሁን ጠይቁ። ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይህ የምጽፍበት ፊደል ዩኒኮድ ነው?»

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ።)

እስካሁን ያወራነው ስለ ማሽኑ ነው። አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። አንድ የስልክ ጥሪ እንስማ።

(ድምፅ፦ ስልክ ይጠራል፣ ይነሳል።)

«አይቲ ነህ?»

«አዎ እትዬ።»

«ኮምፒውተሬ አይሠራም።»

«ምን ሆነብዎት?»

«እንጃ! እንቢ አለ። ዝም ብለህ ና።»

(ድምፅ፦ ስልክ ይዘጋል።)

ወጣቱ ምን ይዞ ይሂድ? ገመድ? ቶነር? ባትሪ? ምንም አያውቅም። ሐኪም ቤት ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንዳለ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ይኸው ጥሪ በሌላ መልኩ ይሰማ።

(ድምፅ፦ ስልክ ይጠራል፣ ይነሳል።)

«የኔ ልጅ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለኝ።»

«ምን የሚል ጽሑፍ አወጣ እትዬ?»

«ቆይ መነጽሬን ላድርግ… ‹ኦፍላይን› ይላል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ትናንት ማታ አትሜበት ነበር። ጠዋት መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ነው።»

«አጠገብዎ ያሉትስ?»

«የሒሳብ ክፍሉ በሙሉ ቆሟል።»

(ድምፅ፦ ስልክ ይዘጋል።)

ሰማችሁ? ባለሙያው ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ነገሩ ወዴት እንዳዘነበለ ገምቷል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለፕሪንተሩ አዲስ አድራሻ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሮቹ ግን በድሮው አድራሻ ይፈልጉታል። ቤት ቀይሮ ለዘመድ እንዳልተናገረ ሰው ማለት ነው። ለፕሪንተሩ የማይለወጥ ቋሚ አድራሻ ከተሰጠው፣ መብራት አሥር ጊዜ ቢመላለስም ያው ቦታው ይገኛል።

ለባለሙያ ሲደወል ሦስት ነገር ተናገሩ። ምን ታየ? ከመቼ ወዲህ? ሌላ ሰው ጋ አለ ወይ? ይደገም፤ ምን ታየ፣ ከመቼ ወዲህ፣ ሌላ ሰው ጋ አለ ወይ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ማንበብ ከከበዳችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «ኦኬ» ብላችሁ አትዝጉት! ያ ጽሑፍ ብልሽቱ ስለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው።

ይህን ካልን ዘንድ ለአይቲ ባለሙያዎችም የምንለው አለን። ድካማችሁን እናውቃለን። በመካከለኛ ቢሮ ውስጥ «አይቲ» የተባለ ሰው የኔትወርኩም፣ የካሜራውም፣ የጣት አሻራውም፣ የሥራ አስኪያጁ ስልክም ጠጋኝ ነው። በቴክኒክና ሙያ የሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ተምሮ፣ የብቃት ምዘናውን ሲኦሲ ወስዶ፣ ብቻውን ሦስት ፎቅ የሚሮጥ ወጣት ብዙ ነው። ሆኖም አንድ ልማድ አለ፤ መተው ያለበት ነው። ሠራተኛዋ «እንዲህ ሆነብኝ» ስትል ባለሙያው ማውሱን ከእጇ ይወስዳል፤ ስድስት ቦታ ጫን ጫን ያደርጋል፤ «በቃ ሠርቷል» ብሎ ይሄዳል። ሠራተኛዋ ምን ተማረች? በሳምንቱ ያው ነገር ሲመጣ ያው ስልክ ይደወላል።

ማውሱ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ። ባለሙያው ጎን ቁጭ ብሎ «እዚህ ጋ ይጫኑ፣ አሁን ደግሞ እዚያ» ቢል፣ ጊዜው በእጥፍ ይረዝማል፤ ጥሪው ግን ዳግም አይመጣም። በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሠራተኞች ሠላሳ ዓመት በመዝገብና በካርቦን ወረቀት ሲሠሩ ኖረው ኮምፒውተር ድንገት የመጣባቸው ናቸው። ልጃቸው በሚሆን ወጣት ፊት አላውቅም ማለት ያሳፍራቸዋል። «ይህንንማ ሁሉም ያውቃል» የምትል አንዲት ቃል ለዓመት አፋቸውን ልታዘጋ ትችላለች። ከዚያ በኋላ አይጠይቁም፤ ፋይሉም የት እንደገባ ሳይታወቅ ይቀራል።

ደግሞስ ሁሉም ያውቃል እንዴ? የበለጸጉት አገሮች ማኅበር ኦኢሲዲ ከ2011 እስከ 2015 በፈረንጆች በ33 አገሮች ከ16 እስከ 65 ዓመት ያሉ ሰዎችን ፈትኖ ነበር። ከአራቱ አንዱ በኮምፒውተር መሥራት የማይችል ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹ እነዚህ አገሮች ኮምፒውተርን ከእኛ በፊት ያወቁ ናቸው። ስለዚህ አለማወቅ ነውር አይደለም፤ አለማስተማር ግን ጥፋት ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ የጀመረችው ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለማንኛውም ፈላጊ በኢንተርኔት በነፃ የተከፈተ ነው። በርቱ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ሆኖም ኮድ መጻፍ ሦስተኛው ፎቅ ነው። ምድር ቤቱስ? ፎልደር መክፈት፣ ለፋይል ስም ማውጣት፣ ባክአፕ መያዝ፣ ገመድ ማየት፦ ይህን የሚያስተምረው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው። ዓርብ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ርዕስ፣ በአማርኛ። ከዚህ የሚበልጥ ወጪ የለውም።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፣ አጭር።)

ስለ ደኅንነት በጨረፍታ። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ቢሮ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው አይታችሁ ይሆናል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ሾርትከቱን የምትጫኑ ከሆነ ግን ቫይረሱን በእጃችሁ አስነሳችሁት ማለት ነው። አትጫኑ፤ ፍላሹን አውጥታችሁ ለባለሙያው ስጡ።

በስልክ ደውሎ «ከባንክ ነኝ፣ ከአይቲ ነኝ፣ አኒ ዴስክ ክፈትና ቁጥሩን ንገረኝ» የሚል የማታውቁት ሰው ቢመጣባችሁም አትንገሩ። አኒ ዴስክ ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማዘዝ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው፤ ያን ቁጥር ነግራችሁ ፈቃድ የምትሰጡ ከሆነ የቤታችሁን ቁልፍ አስረከባችሁ ማለት ነው። ኮምፒውተር ለጥገና ስትሰጡም ውስጡ ያለውን የደንበኛ መረጃ አስቡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታ ነው።

ዊንዶውስ 10ን የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ የሚደፈንበት የተለመደው መንገድ ተዘግቷል። ባለሙያችሁን አማክሩ።

(ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ከሥር ይቆያል።)

ልንሰናበት ስንል አንድ ነገር ቀረን፤ ከሁሉ የሚያሳስበን እሱ ነው። ዛሬ በየቢሮው የሒሳብ ሠራተኞች ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ተደፍተዋል። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት ቢያልፉም እኛ ፒችትሪ እንደምንለው ቀጥለናል። በጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ግብራቸውን የሚያሳውቁበት ጊዜ ጥቅምት 30 ያበቃል። የዓመቱ ደረሰኝ ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። «ባክአፕ አላችሁ?» ሲባሉ «አዎ፣ ዴስክቶፑ ላይ አለ» የሚሉ አሉ።

እንጠይቃችሁ፦ ሃርድ ዲስኩ ቢቃጠል ዴስክቶፑ የት ይገኛል? አብሮ ተቃጥሏል። ዋናው በአንድ ሳጥን፣ ቅጂውም በዚያው ሳጥን ከሆነ ቅጂ አላችሁ ማለት አይቻልም። አንዱ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ይሁን፤ ሌላው ከሕንፃው ውጭ፣ ወይም የይለፍ ቃል ተቆልፎበት ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ።

የሒሳብ ሠራተኞች ሆይ፣ ነገ ጠዋት ወንበራችሁ ላይ እንደተቀመጣችሁ የመጨረሻውን ባክአፓችሁን ፈልጉና ቀኑን እዩ። ከዚያ ባለሙያችሁን ጠርታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አብራችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ የመጨረሻው ደረሰኝ ከታየ፣ ባክአፕ አላችሁ። ካልተከፈተ ግን ጥቅምት 30 ሳይደርስ በዚያው ቀን አዲስ ያዙ።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ የዝግጅቱ ፍጻሜ።)